የቀትር ውሃ

ኦገስት 28

ባባ ሲባንዳ ዛሬ ሄደ። ወባው ለሦስተኛ ጊዜ ጣለው፤ ናፍጣ ያመጣልን የፓርኩ ጣቢያ መኪና በባዶ በርሜሎች መሃል አስተኝቶ ወሰደው። እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ሳይተርበኝ አልሄደም። «ጋትሼኒ፣ ከዘመዶችህ ጋር ትቼህ መሄዴ ነው፤ ካልተመለስኩ ውርሱን ለብቻህ እንዳትወስድ» አለኝ። ጋትሼኒ የጎሳችን የክብር መጠሪያ ነው። እኛ ንድሎቩዎች የዝሆን ወገን ነን፤ ስጋው እርማችን ነው። እሱ ደግሞ የአንበሳ ወገን ነው። ለዱር እንስሳት ውሃ በምንስብበት በዚህ ኩሬ አብረን በሠራንባቸው አስራ አንድ ዓመታት በዚህ ነገር ሳይስቅብኝ የዋለበት ቀን የለም።

ተተኪ ይላካል ተብሏል። እስከዚያ ሞተሩም፣ ቧንቧውም፣ አጥሩም በኔ ላይ ነው።

ይህ ደብተር የታንዶ ነው። ከቤት ስወጣ በስህተት ከልብሴ ጋር ገብቷል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ገጾች በልጄ የተንጋደዱ ፊደላት ተሞልተዋል። የማናግረው ሰው ስለሌለ ከአራተኛው ገጽ ጀመርኩ። ስመለስ እመልስላታለሁ።

ሴፕቴምበር 2

ትእዛዙ ሞተሩ ማታ ማታ ብቻ እንዲሠራ ነው። ቀን ይረፍ፣ ናፍጣው ይቆጠብ። ማታ ማታ ግን የወንዶቹ ዝሆኖች ተራ ነው። ንጹሁ ውሃ ከቧንቧው አፍ የሚወርድበትን ገንዳ ትልልቆቹ ወንዶች ይከቡታል፤ እናቶቹና ግልገሎቹ ከኩሬው ጭቃ ይጠጣሉ። ጎጎን ሁለት ጊዜ ገፍተው ሲያስወጧት አየሁ። ጎጎ በኛ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ቀኝ ጥርሷ የተሰበረ፣ ግራ ጆሮዋ የተተለተለ አሮጊት ናት። መንጋዋ ከነእሷ አስራ አንድ ነው። የሁሉም ታናሽ የሆነችው ገና በኩምቢዋ መጠጣት ስላልተማረች ተንበርክካ በአፏ ነው የምትጠጣው። ለሷ ጭቃው አይሆንም።

ሴፕቴምበር 5

ቀትር ላይ ሞተሩን ለአንድ ሰዓት አስነሳሁት። በዚያ ሰዓት ወንዶቹ ጥላ ፍለጋ ርቀው ይሄዳሉ። ጎጎ ድምፁን ሰምታ መጣች፤ ገንዳው ጋ ቆማ መጀመሪያ ትንሿን አስጠጋቻት። እኔም አጥሩ ጋ ቆሜ፣ አባቴ ለትልቅ ሰው በሚያደርገው ወግ፣ የጎሳችንን ውዳሴ ከላይ እስከ ታች አልኩላት። ባባ ሲባንዳ ቢሰማኝ እስከ ፋሲካ ይስቅብኝ ነበር።

መዝገቡ ላይ አልጻፍኩትም። አንድ ሰዓት ምን አላት።

ሴፕቴምበር 9

የስልክ መስመር ያለው የውሃ ታንከሩ ማማ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ወጥቼ ሚስቴን ማንኩቤን አገኘኋት። የመንደሩ ጉድጓድ ውሃው እየወረደ ነው፤ ከነጋ ሄዶ ተራ ለያዘ ሰው ሁለት ባልዲ ይደርሰዋል። ወንድሟ ከተማ ዳር ጥሩ ጉድጓድ ስላለው ታንዶን ይዛ እሱ ዘንድ ልትሄድ ትፈልጋለች። እኔም በወሩ መጨረሻ ፈቃድ አለኝ፣ ጠብቂኝ፣ መጥቼ እንመካከራለን አልኳት።

እሷም፣ ባለፈው ማርች በአንድ ሌሊት ማሳችንን ጠራርገው የበሉት ዝሆኖችህ እንዴት ናቸው፣ ውሃ አልጎደለባቸውም መቼም፣ ብላ ጠየቀችኝ። እየቀለደች መሆኑን አውቃለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

ሴፕቴምበር 14

ሌሊት ዝሆኖቹ ቧንቧውን ቆፍረው አወጡት። እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ስበይድ ዋልኩ። እጄ ተቃጥሏል። ጎጎ በሰዓቷ መጥታ ውሃ ስታጣ ቆማ ጠበቀች፤ ሳልጨርስ አልሄደችም።

ሴፕቴምበር 21

አሁን የቀትሩን ሁለት ሰዓት አድርጌዋለሁ። ግለቱ በርትቷል፤ የብረት አጥሩ በባዶ እጅ አይነካም።

ደስ ያለኝን ልጻፍ። ጎጎ ሩቅ መሄድ ትታለች። ድሮ ጠጥታ ስትሄድ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን አትታይም ነበር። አሁን መንጋዋን ይዛ እዚያ ከፍታው ላይ፣ ቅርፊታቸው የተላጠ ሞፓኔ ዛፎች መሃል ትውላለች፤ ሞተሩ ሲነሳ ትወርዳለች። ለመደችኝ። ከዓመት ዓመት በዚህ ምድረ በዳ ስቀመጥ አንድ ፍጡር እንኳ ሰዓቴን ጠብቆ መምጣቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሴፕቴምበር 25

ጠዋት ጣቢያው በሬዲዮ ጠራኝ። ባባ ሲባንዳ ሐኪም ቤት ነው፤ ገና አልተነሳም። ተተኪ አልተገኘም። ለፈቃዴ ግን አንድ ጥበቃ ለአምስት ቀን ልንልክልህ እንችላለን አሉኝ። ልጁ ሞተር አያውቅም፣ ይበላሻል፣ ይቅር አልኳቸው።

እውነቴን ነው፤ ልጁ ሞተር አያውቅም። የቀትሩንም ሰዓት አያውቅም።

ለማንኩቤ ጣቢያው ፈቃድ ከለከለኝ አልኳት። ጠብቂኝ አልኳት።

ኦክቶበር 1

እንግዳ መጣ። ሩቫራሼ ትባላለች፤ የሞቱ እንስሳትን የምትቆጥር ተመራማሪ ናት። ሐራሬ ያደገች ሾና ስለሆነች ቋንቋችንን ሰባብራ ነው የምትናገረው፤ ቢሆንም ሳትፈራ ትናገረዋለች። ባባ ንድሎቩ ትለኛለች። አብረን ስንዞር ከኩሬው በስተምሥራቅ አራት ሬሳ አገኘን፤ ሦስቱ ግልገሎች፣ አንዷ አሮጊት። ከጎጎ ወገን አይደሉም።

የአሮጊቷን መንጋጋ ከፍታ አሳየችኝ። ዝሆን በሕይወቱ ስድስት ጊዜ የመንጋጋ ጥርስ ያበቅላል፤ ስድስተኛው ካለቀ ሌላ አይተካለትም፣ አለችኝ። የዚህችኛዋ ተፍቆ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። እንዲህ ከሆነ በኋላ ቅርፊት ቢጎርሱ ሳይታኘክ ያልፋል፤ ሆድ ሞልቶ ሰውነት ይከሳል።

ማታ ከሾፌሯ ጋር ሲያወሩ ሰማሁ። «አስራ አምስት ኪሎ ሜትር ዙሪያውን አንድ ቅጠል የለም» አለችው። «እዚህ ኩሬ በውሃ ጥም የሞተ ግን አንድም አላገኘሁም።»

በውሃ ጥም የሞተ የለም አለች። ብቻውን ለቀረ ሠራተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ኦክቶበር 3

የጎጎን ፋንድያ በዱላ በተንኩት። ቅርፊቱ እንደተላጠ ነው፤ ጥርስ ያረፈበት አይመስልም። የሌላም ሊሆን ይችላል። ብዙ መንጋ ነው የሚያልፈው።

ኦክቶበር 6

ይህን የምጽፈው ማማው ላይ ሆኜ ነው። መውረድ አልችልም።

ማንኩቤን ልደውልላት በሰባት ሰዓት ወጣሁ። ሞተሩ እየሠራ ነው። ስልኩ እንደተነሳ «የታንዶ አባት፣ ተቀምጠሃል?» አለችኝ። ማማ ላይ ነኝ አልኳት።

«እንግዲያው ያዝ። ባለፈው ሐሙስ ዝሆን መጥቶ የትምህርት ቤቱን የውሃ ጋን ሰበረ። ጠባቂዎቹ ገደሉት። ስጋው ለመንደሩ ተከፋፈለ።»

«እኛ ቤት አልገባማ።»

«እኔ ንድሎቩ አይደለሁም፤ ማንኩቤ ነኝ። የኔ እርም ዝንጀሮ ነው እንጂ ዝሆን አይደለም።»

«ታንዶስ?»

ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ሲያፏጭ ይሰማኛል።

«ልጅቷ ሦስት ቀን ሙሉ ሲትዋላ ገንፎዋን ያለ ማባያ ነው የበላችው» አለች። «የበሬ ነው አልኳት። ደግማ ለመነችኝ፣ ሰጠኋት።»

እርሙን የበላ ጥርሱ ይረግፋል ሲባል ነው ያደግነው። እሷ ግን እስክናገር አልጠበቀችኝም።

«ትናንት ጥርሷ ወለቀ። እናትህ ኡኡ አለች። የመንደሩ ሴት ሁሉ ተሰብስቦ አፏን እያስከፈተ ያያት ጀመር። ልጅቷ ምን እንዳደረገች አታውቅም፤ ስታለቅስ ዋለች።»

«የትኛው ጥርስ ነው?»

«የፊቱ ነዋ። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጊዜው ነው። አንተ እዚህ ብትሆን ኖሮ አንድ ቃል ተናግረህ ታበርዳቸው ነበር። እናትህ እኔን አትሰማም።»

ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር። ያልኳት ግን ጠብቂኝ ነው።

«አንተ ጠብቂኝ ስትል እኔ ምን ላይ ቆሜ ልጠብቅ?» አለች። መስመሩ ተቆረጠ ወይም ዘጋችው።

ቁልቁል ሳይ የጎጎ መንጋ ከማማው ሥር ገብቷል። ጥላው የታንከሩ ጥላ ብቻ ነው፤ በዚህ አገር ሌላ ጥላ አልቀረም። አንዷ መሰላሉን በጎኗ ታሻሻለች፤ ማማው ይንቀጠቀጣል። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ሞተሩ ሦስተኛ ሰዓቱን ይዟል፤ ወርጄ ካላጠፋሁት ናፍጣው ያልቃል። ጋትሼኒ እያልኩ ብለምናቸውም አንዷም ጆሮዋን አላነሳችም። ትንሿ ከእናቷ ሆድ ሥር ቆማለች። የጎድን አጥንቷን ከላይ ሆኜ ቆጠርኩት።

ኦክቶበር 10

ሥራ ብዙ። ቧንቧ እንደገና። አፌ ቆስሏል።

ታንዶ ጥርሷን የት አደረገችው? ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ባባ ሲባንዳ አንድ ጊዜ የነገረኝ ነገር ትዝ እያለኝ ይረብሸኛል። በአባቱ ዘመን፣ ሞተር ሳይመጣ፣ ይህ ኩሬ በኦገስት ይደርቅ ነበር አሉ። ያኔ ዝሆኖቹ ተሰልፈው በስተሰሜን ወደ ትልቁ ወንዝ ይሄዱና በዝናብ ይመለሳሉ። የአራት ቀን መንገድ ነው። በደህና ቀን ያወራው ተራ ወሬ ነው፤ ለምን አሁን እንደሚመጣብኝ አላውቅም።

ኦክቶበር 15

የጎጎ መንጋ አስር ሆነ።

መካከለኛዋ ሴት ልጇ የሁለት ዓመት ወንድ ግልገል ነበራት። ከገንዳው ሃምሳ እርምጃ ላይ ወደቀ። ጠጥቶ ነበር፤ ሆዱ በውሃ ተነፍቶ ነው የወደቀው። እናቱ በእግሯና በኩምቢዋ ልታነሳው ስትታገል ቆየች። ጎጎ መጥታ አጠገቧ ቆመች። ቀትር እስኪያልፍ ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ እኔም ሞተሩን አላጠፋሁም። ውሃው ገንዳውን ሞልቶ ሜዳ ላይ ፈሰሰ።

ውሃ ሰጥቼዋለሁ። ከዚህ በላይ ምን አደርጋለሁ? ቅጠል ከየት አመጣለሁ?

ኦክቶበር 18

ሩቫራሼ ተመለሰች። የግልገሉን ሆድ ከፍታ አየችው፤ አሸዋና የዛፍ ቅርፊት ነው። ከመኪናዋ አንድ ጥራዝ አመጣችና በዚህ ኩሬ የሚታወቁ ሴት ዝሆኖችን ፎቶግራፍ አሳየችኝ። ጎጎ ሁለቱም ጥርሶቿ ሙሉ ሆነው፣ ወፍራ፣ አየኋት።

ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር እንዳይጠፋብኝ እንዳለ ልጻፈው።

«ባባ ንድሎቩ፣ ይህች ሴትዮ ዘንድሮ ምን ነካት?» አለችኝ። «ባለፉት ሁለት ድርቆች ገና ሴፕቴምበር ሳይጋመስ ይዛቸው ወደ ወንዙ ሄዳለች። መንገዱን ከመንጋው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ልጆቿ ያኔ እግሯን ተከትለው የሄዱ ግልገሎች ነበሩ። ዘንድሮ ምን ያዛት?»

ወደ ሞተሩ ቤት ቀና ብዬ አላየሁም። «አላውቅም» አልኳት።

«ሌሎቹ ሴቶች በየሦስት ቀኑ እየመጡ ጠጥተው ሩቅ ሄደው ይበላሉ። ይጎዳሉ፣ ግን ይበላሉ። የሷ ግን ፈቀቅ አይሉም። አንድ ነገር እዚህ አስሯቸዋል።»

«ውሃው ቢቆም ትሄዳለች?»

አየችኝ። ብልህ ልጅ ናት፤ ምን ያህል እንደገባት አላውቅም። «ኦገስት ላይ ቢሆን ሁሉም ይደርሱ ነበር» አለች። «አሁን እሷ የምትደርስ አይመስለኝም፤ መንጋጋዋ አልቋል። ሌሎቹ ምናልባት ይደርሱ ይሆናል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደግሞ ትንሿ መራመድ አትችልም። ግን ፓምፕ የማቆም ሥልጣን የኔ አይደለም፤ ያንተም አይደለም።»

እንዳልሆነ አውቃለሁ። የቀትሩን ማስነሳትም ሥልጣኔ አልነበረም።

ኦክቶበር 19

እህል አልወርድልህ አለኝ። እርሟን ያበላት እናቷ ናት እያልኩ ማንኩቤን በልቤ ስወቅስ ከረምኩ። እኔስ ምን አበላሁ? ቁጭ ብዬ ስቆጥረው ከሴፕቴምበር 5 ጀምሮ አርባ አራት ቀን ነው። ጎጎ ስትመጣ ወደደችኝ ብዬ ነበር። አስሬ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ይህን ካሁን በፊት ሳላውቀው ቀርቼ ነው ማለት አልችልም፤ ፋንድያውን በበተንኩበት ቀን አውቄዋለሁ።

ናፍጣው ቢያልቅ ይገላግለኝ ነበር። ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር፤ የማንም ጥፋት አይሆንም ነበር።

ኦክቶበር 20

የናፍጣው መኪና መጣ። ስምንት በርሜል። እስከ ገና ይበቃል አሉኝ።

ኦክቶበር 21

ታንከሩን ሌሊቱን አራገፍኩት። የውሃ ሽታ ካለ አይሄዱም። ለራሴ ሁለት ጀሪካን ቀዳሁና አፋቸውን ግጥም አድርጌ ዘግቼ ከአልጋዬ ሥር ቀበርኳቸው። ሲነጋ ከሞተሩ ላይ ናፍጣ የሚያስተላልፈውን ትንሽ የመዳብ ቱቦ ፈታሁ። ጣት አያህልም። ሻይ ቅጠል የማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት።

በሬዲዮ ሞተሩ ተበላሽቷል አልኩ። መካኒኩ ሌላ ኩሬ ላይ ስለሆነ ቶሎ አይደርስልህም፣ እስከዚያ ታገስ አሉኝ።

ጎጎ በሰዓቷ መጣች። ቤት ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። በቆርቆሮው ስንጥቅ ግን አየኋት። ኩምቢዋን ቧንቧው አፍ ውስጥ ከተተች። አወጣችው። እንደገና ከተተች። ከዚያ ወደ አጥሩ መጥታ ፊቷን ወደ ቤቴ በር አድርጋ ቆመች። ከዚህ በፊት በቆመችበት ቦታ ነው፤ ውዳሴውን ስላት የምትቆምበት። እስኪመሽ ድረስ አልሄደችም።

ኦክቶበር 22

ወንዶቹ ሌሊት ሄደዋል። ሌሎቹም መንጋዎች ሳይነጋ ሄደዋል፤ አቧራቸው ይታያል። ኩሬው ጭቃ ሆኗል። ሁለት ጎሾች ገብተው መውጣት አቅቷቸዋል። እነሱን የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ በሌላ አላሳብብም።

ጎጎ አለች። ልጆቿ የቧንቧውን መስመር ተከትለው ይቆፍራሉ። ትንሿ ተኝታለች። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። አንድ ጊዜ ቱቦውን ይዤ ሞተሩ ጋ ደርሼ ተመልሻለሁ። አስር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ውሃው ይፈሳል፤ ሁሉም ይጠጣል። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ነው የሚገድለኝ።

ሞተሩ ሲሠራ ድምፁን ጠልቼው አላውቅም ነበር። ዝምታው ግን የሚቻል አይደለም።

ኦክቶበር 23

ሊነጋ ሲል ስነሳ መንገድ ጀምረዋል። ጎጎ ፊት ናት። ሁለቱ ልጆቿ ትንሿን መሃል አድርገው እየገፉ ያስኬዷታል። ዞር ብላ አላየችኝም። ቀጥ ብለው ወደ ሰሜን። አስሩንም ቆጠርኩ።

ማማው ላይ ወጥቼ እስከ ሦስት ሰዓት አየኋቸው። ያን ጊዜ ነው ውዳሴውን ያልኩት፤ እንባዬ እየቀደመኝ ከመሃል አቋረጥኩት።

ኦክቶበር 29

ማማው ላይ ሳለሁ ማንኩቤ ደወለች። ወንድሟ ዘንድ ነኝ አለች። አላስፈቀደችኝም። ባልዲዋን ተሸክማ፣ ታንዶን በእጇ ይዛ፣ የአውቶቡሱ መንገድ ድረስ ግማሽ ቀን በእግሯ ሄዳለች። ልቆጣ ፈልጌ ነበር። «ውሃ አለ?» ብቻ አልኳት። አለ አለች።

ኖቬምበር 6

ጣቢያው ጠራኝ። መካኒክ የለም። ውሃዬን በኩባያ እየለካሁ እጠጣለሁ። አንድም ዝሆን የለም። አንድ ቀበሮ ብቻ ይመጣል።

ኖቬምበር 17

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናብ ጣለ። ሜዳ ላይ ቆሜ ተደበደብኩ። ከመንጋው ምንም ወሬ የለም።

ኖቬምበር 22

ባባ ሲባንዳ ከሩቫራሼ ጋር መጣ። ግማሹን አካሉን ሐኪም ቤት ትቶት የመጣ ይመስላል፤ ምላሱ ግን አልከሳም። እንደወረደ «ጋትሼኒ፣ ዘመዶችህ ጥለውህ ሄዱ አሉ፤ ምን አስቀየምካቸው?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ሞተሩ ቤት ገባ።

ሩቫራሼ ሰሜን ድረስ ደርሳ ነው የመጣችው። ነገሩን ሳታለዝብ ነገረችኝ፤ ለዚህ አመሰገንኳት። ጎጎን ከዚህ የሁለት ቀን ተኩል መንገድ ላይ አግኝታታለች። በጎኗ ሳይሆን በጉልበቷ እንደተንበረከከች ነው የቀረችው፤ ግንባሯም ወደ ሰሜን ነው። ዙሪያዋን መሬቱ ተረጋግጧል፤ አንድ ሌሊት አብረዋት አድረዋል ማለት ነው። ከዚያ ዱካው ይቀጥላል። ወንዙ ዳር መካከለኛዋን ልጅ በተተለተለ ጭራዋ ለይታታለች። ዘጠኝ ናቸው። ትንሿ አለች። በኩምቢዋ ስትጠጣ አየኋት፣ አለችኝ።

በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ባባ ሲባንዳ ከሞተሩ ቤት ወጣ። እሱ ሞተር ውስጥ እጁን ሲያስገባ ምን እንደጎደለው የሚያውቅ ሰው ነው፤ እንደተበላሸና እንደተፈታ ይለያል። ሻይ ሊያፈላ ቆርቆሮውን ሲያነሳ ከውስጡ ቃጭ አለ። ከፈተው። ቱቦውን በሁለት ጣቱ አንስቶ አየው፤ እኔንም አየኝ። ከዚያ መልሶ ከተተውና ከደነው። ሩቫራሼ መኪናዋ ጋ ናት፤ አላየችም።

የሚስቅብኝ መስሎኝ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀ። ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው መሬት ላይ፣ ከእግሬ ሥር፣ ተቀመጠ። ያ ሁሉ በሽታ ያደቀቀውን ሽማግሌ እንዲነሳ ብለምነውም እምቢ አለኝ።

«ጋትሼኒ፣ አያታችሁን አጥታችኋል» አለኝ። «እግዜር ያጽናችሁ።»

ለሰው እንደሚባለው አሜን አልኩት። ከዚያ በኋላ ነው ሻዩን የጠጣነው።

ኖቬምበር 23

ማማው ላይ ወጣሁ። ሥሩ ባዶ ነው፤ መሰላሉን የሚያሻሽ የለም፤ እንደፈለግሁ መውረድ እችላለሁ።

ማንኩቤ አነሳች። አፌ የለመደውን ሊል ነበር፤ መለስኩት። «አትጠብቂኝ» አልኳት። «ማለቴ እዚያው ሁኚ። ወደዚያ የምመጣው እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ነገ። ባባ ሲባንዳ ሞተሩን ይዞልኛል።»

«ልጅህ ልታናግርህ ትፈልጋለች» ብላ ስልኩን ሰጠቻት።

«አባዬ፣ ወጣ» አለች ታንዶ።

«ምኑ?»

«አዲሱ ጥርሴ። በምላሴ ስነካው ይሻክራል። አያቴ አይወጣም ብላ ነበር።»

«አያትሽ ተሳስታለች» አልኳት። «ስመጣ እነግራታለሁ።»

«ደብተሬንስ?»

ይዤልሽ እመጣለሁ አልኳት። ከወረድኩ በኋላ ደብተሩን ይዤ ቆየሁ። ከአራተኛው ገጽ ጀምሮ ያለውን ቀድጄ እሳት ውስጥ ልጨምረው አስቤ ነበር። ገና ሙሉ ቃል ማንበብ አትችልም፤ የምትችልበት ቀን ግን ይመጣል። ያን ቀን ንድሎቩ ሆና አያቷን ጎጎን ማን እንዳጠጣት፣ ማንስ እንዳስጠማት ከኔው እጅ ታንብበው።

ገጾቹን አልቀደድኩም።